በቦርሳው ኪስ ያለችው ሴት

ቦርሳ ሰፊዋ አንድ ቦርሳ በጨረሰች ቁጥር ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሽታውን በረጅሙ ትስበዋለች። ቆዳውን ድንበር ማዶ ያሉ ሴቶች ያለፉታል፤ እሷና አሥራ አራት ባልደረቦቿ እዚህ ይሰፉታል፤ ባሕር ማዶ ይሸጣል፤ ትርፉም ዞሮ ተመልሶ የሁለቱን አገር ሠራተኞች ልጆች ያስተምራል። የእሷም ሁለት ልጆች ለወግ ለማዕረግ የበቁት በዚሁ ነው።

በየቦርሳው የውስጥ ኪስ የሰፊው ፎቶና ታሪክ የታተመባት ትንሽ ካርድ አለች። የእሷ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈች ናት። «ባሏን በሞት አጥታ ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። በክሩ መሐል እንባዋ አለ» ትላለች። ያኔ እውነት ነበር። በፎቶው ላይ ያሉት ዐይኖች ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላሉ። ገዢዎቹም ከሁሉ አብልጠው የወደዱት እሷን ነው፤ ከሚመጣው ትእዛዝ ግማሹ «የዚያች መበለት ቦርሳ» የሚል ነበር።

ልብ ግን መች በትእዛዝ ይሰፋል? ቆዳ የሚያመላልሰው ሾፌር ጥቅሉን እያወረደ ቀልድ ጣል ሲያደርግ፣ እሷም እየሳቀች ክር ስትበጥስ፣ ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ አለፈ። እንጋባ አላት። እሺ አለችው፤ ቀን ግን አልቆረጠችም።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አላት አንድ ከሰዓት፣ የመኪናውን በር ተደግፎ። «ልጆችሽ እንደሆኑ ካንቺ ይልቅ እኔን ይወዳሉ።»

ካርዷን አውጥታ ሰጠችው። አነበባት።

«ባገባህ ይቺ ውሸት ልትሆን ነው» አለችው። «ላስቀይራት ብል ደግሞ ትእዛዙ ይቀራል። አሥራ አራት ሰው በኔ ሐዘን እንጀራ ይበላል።»

«ሟቹን እንኳ ችዬው ነበር» አለ ሾፌሩ ካርዷን እየመለሰላት። «ከወረቀት ጋር እንዴት ብዬ ልፎካከር?»

ያን ሰሞን በስፌት መኪናዋ ድምፅ ተከልላ እንዲህ ታንጎራጉር ነበር፦

እንባዬ ለብቻው ባሕር ተሻገረ፣
ሳቄ ምን አጥፍቶ ኬላ ላይ ታሰረ?

ቆዳ ቆራጩ ሽማግሌ ሰሟት፤ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ለእኛ ፈርተሽ ነው እንዴ የማታገቢው?»

የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ሠላሳ ዓመት ቆዳ ቆርጫለሁ። እንባ ያጠነከረው ስፌት አላየሁም።»

ዘለበት የምትተክለው ልጅ ከወዲያ ጥግ፣ «እታለም፣ እኛን ሰበብ አታድርጊን» አለች። «ሰውዬው መልከ ጥፉ ነው ብትይን እንረዳሻለን።» ሁሉም ወደ ሰፊዋ ዞረው ሳቁ፤ እሷም እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች አብራ ሳቀች።

በማግስቱ ሰፊዋ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባች፤ በደብተር ወረቀት የጻፈችውን አዲስ ካርድ ይዛ። «ይህን ቦርሳ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ዘንድሮ አገባለሁ። ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ቢተረተር መልሱት፤ እጠግነዋለሁ።»

«እታለም፣ እዚያ ያሉት እኮ...» ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን አገላበጠችው። «ሐዘንሽን ለምደውታል።»

«እኔም ለምጄው ነበር።»

ወረቀቱ ተተርጉሞ ባሕር ተሻገረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር የስፌት መኪኖቹ ሁሉ አብረው ይቆሙ ነበር። መልሱ ሲመጣ ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ሰብስባ አነበበችው። ካርዷ ትቀየር ብለዋል። ትእዛዙ በጥቂቱ ቀንሷል፤ ከሥራ የሚወጣ ግን የለም። ደግሞም አንድ ነገር ለምነዋል፦ ሙሽራዋ ቦርሳውን አንግታ፣ ሙሽራው ከጎኗ ቆሞ፣ የሰርጉ ፎቶ ይላክልን፤ ለሚቀጥለው ካርድ ይሆናል።

«ደስ አይልም?» አለች ሥራ አስኪያጇ እፎይ ብላ።

ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቅ ላይ ሰካች። «ሐዘኔን ስትጠይቁኝ ሰጠኋችሁ። ልጆቼ ተምረውበታል፤ አይቆጨኝም። ሰርጌን ግን አልሰጥም።»

«ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

«ልክ እንደነገርኩሽ ጻፊላቸው።»

ሥራ አስኪያጇ ትንሽ አይታት፣ ቁጭ ብላ ጻፈች።

አርብ ጠዋት በማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ። ደረጃውን ሲወርዱ ሾፌሩ አኮረፈ።

«እኔን እኮ ማንም አልጠየቀኝም። ባሕር ማዶ የምታወቅበት አንድ ዕድል ነበረችኝ።»

«ተው እንጂ፤ ካዩህ የቀረችውንም ትእዛዝ ይሰርዟታል» አለችውና ክንዱን ያዘች።