የቴሌቪዥኑ የጀርባ ክዳን

የፖሊስ ጣቢያው የእስረኛ ክፍል ለአራት ሰው የተሠራ ይመስላል፤ እኔ ስገባ ሰባተኛ ሆንኩ። ጥፋቴ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቄ ነበር። ጥያቄዬ አጭር ነበረች፤ መልሷን ስጠብቅ ሁለት ወር ሞላኝ። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ላብና እርጥብ ፍራሽ ይሸታል።

ማናችንም መዝገብ ላይ አልሰፈርንም፤ ቤተሰቦቻችን የት እንዳለን አያውቁም። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንዲት ሴት ምሳ ይዛ ከኦቾሎ መንደር ወርዳ ጣቢያው በር ላይ የሸማኔ ባሏን ስም ትጠራለች። እዚህ የለም ብለው ይመልሷታል። እኛ ጋም ሸማኔ ስላልነበረ፣ ምስኪን፣ ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻላት ነበር ተባባልን። ስሙን ግን ሁላችንም በቃላችን ያዝነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተረኞቹ ፖሊሶች ቴሌቪዥን ሥዕሉ ጠፋ፤ የሚጠበቅ ጨዋታ ነበረባቸው። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የታወቅሁ ቴሌቪዥን ሠሪ ነኝና አወጡኝ። ካቻቪቴና የሽቦ መበየጃ ካውያ ሰጡኝ፤ አንድ ዝምተኛ ፖሊስ አጠገቤ ቆመ።

ክዳኑን ስከፍት ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሥዕሉን የሚያወጣው የፒክቸር ቲዩቡ አንገት ላይ ያለው የፋብሪካ ማኅተም ከትዳሬ የሚበልጥ ዕድሜ እንዳለው ነገረኝ። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ከእኔ በፊት የከፈቱት ሠሪዎች ቀኑንና ብልሽቱን በእርሳስ ጽፈዋል፤ የሙያችን ልማድ ነው። ከቲዩቡ ጋር የሚገናኝ አንድ ሽቦ ለቆ ነበር። በካውያው መለስኩት፤ ሥዕሉ መጣ።

ከዚያ እርሳስ ለመንኩ። ቀኑን ጻፍኩ። ከቀኑ በታች የሰባታችንን ስም ጻፍኩ፤ መዝገቡ ካልያዘን ክዳኑ ይያዘን ብዬ ነው። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የተሠራበት ቀን ነው። ሁልጊዜ እንጽፋለን።»

«ከቀኑ በታች ያለውን ነው።»

አለቃውን ቢጠራ ምን እንደሚጠብቀን አውቃለሁና ክዳኑን ወደ ራሴ ሳብኩ። ፖሊሱ በሩን አየት አደረገ።

«አንድ ሰው ቀርቶሃል» አለኝ።

እርሳሱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ስምንተኛ ስም ጨመረ። ሴትየዋ በር ላይ የምትጠራው ስም ነበር። ከእኛ ክፍል ጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት በአገጩ ጠቆመኝ፤ ለካ ሸማኔው እዚያ ለብቻው ተዘግቶበት ኖሯል። ዝጋው አለኝ፤ ብሎኖቹን አሰርኩ።

የተፈታሁ ቀን ቀጥታ ቤቴ አልሄድኩም። ከበሩ ማዶ ቆሜ እስክትመጣ ጠበቅኋት።

«እህቴ፣ ውስጥ ነው ያለው። መምጣትሽን እንዳታቆሚ» አልኳት።

ምሳውን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ባሏ ከእኔ ዘግይቶ ወጣ።

ጣቢያው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲያስገባ አሮጌውን በጨረታ ገዛሁት። ያረጁትን ካፓሲተሮች ቀየርኩ፤ ሥዕሉ ዛሬም ጥርት ያለ ነው። ሸማኔው በሠራው ባለ ቀለም የዱንጉዛ ጨርቅ ሸፍኜ ሱቄ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አሮጌ ቴሌቪዥን የሚሰበስብ አንድ የአዲስ አበባ ሰው፣ ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ቀይረህ ሽጥልኝ ቢለኝ እንቢ አልኩት።

ሸማኔው ለገበያ ሲወርድ ብቅ ይልና ክዳኑን ክፈተው ይለኛል። ስሙን በጣቱ ይዳብሳል። የጻፈለትን ሰው ስም ሁለታችንም አናውቅም።