ፍላሽ አጣቢዋ ፈዲላ

ሐይቅ ከተማ፣ ፈዲላ ፎቶ ቤት የሄደ ሰው ፍላሹን ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ልሰካ ቢል አይሆንለትም። ፈዲላ ፈገግ ብላ ትቀበለውና በር አጠገብ ባለችው፣ ስክሪኗ በተሰነጠቀው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትሰካዋለች። ያቺ ኮምፒውተር ከሌሎቹ ጋር በምንም አልተገናኘችም፤ ሥራዋ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መመርመር ብቻ ነው። ቫይረስ ከተገኘ እዚያው ይቀራል። የሰፈሩ ቀልደኞች «ማጠቢያዋ» ብለው ስም አውጥተውላታል፤ «ፈዲላ ጋ ፍላሽም ያለ ውዱእ አይገባም» እያሉ ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። አሳልፋ ግን አታውቅም፤ ለመስጊዱ ኢማምም፣ ለገዛ ወንድሟም።

እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። ሙያውን የለመደችው ጅዳ ነው። የአሠሪዋ ልጅ ቤት ውስጥ የሠርግ ፊልም ታቀናብር ነበር፤ ፈዲላ ሻይ ልታደርስ ገብታ ቆማ እያየች፣ ኋላም ልጅቱን ሲሰለቻት ተክታ እየሠራች ቀሰመችው። በለውጡ ሰሞን፣ ሁሉም ሰው ነገ ይሻላል ባለበት ጊዜ፣ ካሜራ ገዝታ አገሯ ገባችና መነኻሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች። ከዓረብ አገር የተመለሰው ሁሉ ያገባል፤ ያገባው ሁሉ ፊልም ይፈልጋል። ሴቶቹ ያሉበት ዳስ ውስጥ ወንድ ካሜራ ተሸክሞ መግባት ስለማይሆንለት ከውጫሌ ሳይቀር ይፈልጓት ጀመር።

ያን ጊዜ ፍላሽ አይታጠብም ነበር። ሰው የዘረጋልህን ፍላሽ አልቀበልም ማለት ለሰላምታ የተዘረጋ እጅን እንደመግፋት ነው፤ ፈዲላ እንዲያ ነበር የሚሰማት። መንዙማ የሚያስጭነውም፣ ፎቶ የሚያሳትመውም መጥቶ ይሰካል። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ትነቅለዋለች፣ ትሰካዋለች፣ ቢስሚላህ ብላ ትቀጥላለች። ይሉኝታ ስንት ነገር እንዳበላሸ እኛም እናውቃለን፤ ኮምፒውተር ማበላሸቱን ግን ከፈዲላ በፊት የሰማ አልነበረም።

ሂዳያ አብሮ አደጓ ናት። እሷ ስትዳር አባቷ ሼህ አብደላ ከታመሙ ሰንብተው ነበር። በሠርጉ ቀን ግን ተደግፈው ወጡ፤ ዳሱ ደጃፍ ተቀምጠው ሰዉ አሚን እያለ ልጃቸውን በረጅሙ መረቁ። ፈዲላ ያን ሁሉ ቀረጸችው። ምን እንዳሉ ግን ልብ አላለችም፤ ዓይኗ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው፣ ሐሳቧ ሊያልቅ በደረሰው ባትሪ ተይዞ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ሂዳያ ቀይ ክር የታሰረበት ፍላሽ ይዛ መጣች።

«ማህዲ ነው ከሪያድ በሰው የላከው» አለች። ማህዲ ወንድሟ ነው። «የፊልም ርዕስ አሳምሮ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው አለኝ፤ በነጻ ያገኘው። የኔን በሱ ሥሪልኝ እቴ።»

ፕሮግራሙ ሊጫን ሲል መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚል ማሳሰቢያ አወጣ። የፈዲላ እጅ ቆም አለ። ሂዳያ አጠገቧ ተቀምጣ ደስ ብሏት ታያታለች። ወንድም ከባሕር ማዶ ለእኅቱ ሠርግ የላከውን እንዴት ብላ አልፈልግም ትበል? አጠፋችው።

በማግሥቱ ፊልሞቹ ሁሉ ስማቸው ተለውጦ፣ አንዱም አልከፈት ብሎ ጠበቃት። ገንዘብ ካልተከፈለ አይከፈቱም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መካከላቸው ተቀምጧል። መጠባበቂያ ሃርድ ዲስክ ነበራት፤ እሱም እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ ስለሚውልና ስለሚያድር አብሮ ተቆልፏል። ትርፍ ቁልፍን ከዋናው ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ እንደማሰር ነው የሆነባት። የካሜራውን ሚሞሪ ካርድም ለቀጣዩ ሠርግ ብላ አጽድታዋለች።

ሼህ አብደላ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሰደቃቸው ካለፈ በኋላ ሂዳያ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣች።

«ፈዲ፣ ፊልሙ ባያልቅም ግድ የለም። የአባባን ምርቃት ብቻ ስጪኝ።»

ፈዲላ ቫይረስ እንደበላው ነገረቻት። ከየትኛው ፍላሽ እንደመጣ አልነገረቻትም። ሂዳያ «አብሽሪ፤ አንቺ ምን ታደርጊ» አለቻት። ሐዘንተኛዋ አጽናኝ ሆና መውጣቷ ፈዲላን አንገበገባት። ብትሰድባት በወደደች።

ያኔ ነው ደሴ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሀምዳን ጋ የሄደችው። ሀምዳን ንግግር የማያበዛ ሰው ነው።

«ለነዚህ ሌቦች አትክፈይ፤ ከፍለሽም ላይከፍቱልሽ ይችላሉ» አላት። «የተቆለፈውንም አታጥፊ። ዛሬ መክፈቻ አልተገኘም ማለት አይገኝም ማለት አይደለም።» ከዚያ ኮምፒውተሩን ከነበረበት ሁሉ አጽድቶ እንደ አዲስ ጫነላትና፣ ማጠቢያዋን ከጓዳው አውጥቶ ሰጣት።

ሌላውን ዘዴ ፈዲላ ራሷ ከአገሩ የጁምዓ ልማድ አወጣችው። ወንድሟ ዘይኑልአቢዲን አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ገበሬ ነው፤ ለጁምዓ ሐይቅ ከተማ ይመጣል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዛች። ወንድሟ ከሰላት ሲወጣ አንዱን ያመጣላታል፣ የሳምንቱ ሥራ የተገለበጠበትን ሌላውን ይወስዳል። እቤቱ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከትቶ ጎተራው ውስጥ ያስቀምጠዋል። የተቆለፉት ፊልሞች ያሉበት አሮጌ ዲስክም እዚያው ጣሳ ውስጥ ተኛ።

«ዛሬም እንግዳሽን ልሸኝ?» ይላታል እየሳቀ። የመጣውን ዲስክ እሷ ዝም ብላ አታስቀምጠውም፤ መጀመሪያ ማጠቢያዋ ላይ አንዱን ፊልም ከፍታ ታያለች። የማይከፈት ቅጂ ይዞ ቅጂ አለኝ ማለት ምን እንደሆነ አይታዋለቻ። ሰዉ በፍላሹ መታጠብ መጀመሪያ ላይ ተቀይሟል፤ መስኡዳ የምትባል ጎረቤቷ «እኔን ነው የጠረጠርሽው?» ብላ አኩርፋት ከርማለች። ፈዲላ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ፍላሿን ግን አጠበች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐይቅ ሊደርስ ሲል ሰዉ በየአቅጣጫው ወጣ፤ ፈዲላም አርዲቦ ወንድሟ ቤት ገባች። ከተማው ተረጋግቶ ስትመለስ የፎቶ ቤቱ በር ተገንጥሎ፣ መስታወቱ ረግፎ አገኘችው። ካሜራው የለም፣ ትልቁ ኮምፒውተር የለም። ማጠቢያዋ ብቻ፣ በስንጥቋ ማንም ሳይመኛት፣ ጥግ ላይ ተገፍታ ቆማለች። ፈዲላ እሷን ስታይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሥራ የጀመረችው በዚያችው ኮምፒውተርና አርዲቦ በነበረው ጣሳ ነው። ያኔ ሰው የሚመጣው ለአዲስ ፎቶ አልነበረም። የሞተባቸው፣ የጠፋባቸው፣ ቤታቸው ከነአልበሙ የተቃጠለባቸው ናቸው የሚመጡት። አንዷ እናት የልጇን ሠርግ፣ አንዱ የወንድሙን ጉርድ ፎቶ ይጠይቃሉ። ፈዲላ ከቫይረሱ ወዲህ የሠራችውን ሁሉ ፈልጋ አወጣችላቸው። ያ ሁሉ ሰው መርቋት ሲሄድ ግን በልቧ የምታስበው ያልሰጠችውን አንዱን ነበር።

መንገዱ ሲከፈት የተቆለፈውን ዲስክ ይዛ ወደ ሀምዳን ሄደች።

«ይሄኛው ቫይረስ ትልልቅ ፋይል ላይ የሚቆልፈው መጀመሪያውን ብቻ ነው» አላት አይቶ። «የፊልሙ ጭንቅላት ተቆልፏል እንጂ ሰውነቱ ደህና ነው። በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ፊልም ካለ፣ ከሱ አይቶ ጭንቅላቱን የሚጠግን ፕሮግራም አለ። ካሜራውስ?»

«ተወስዷል።»

«ፊልምስ? በሱ የቀረጽሽው ጤነኛ ፊልም?»

ፈዲላ ጣሳውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ሂዳያ ስትጠራ ለምን እንደሆነ አልተነገራትም። ፈዲላ በሩን መለስ አድርጋ ፊልሙን ከፈተችው። ጥቂት ምስል ተዘበራርቆ አለፈና ሼህ አብደላ ብቅ አሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፃቸው ግን ጥርት ያለ ነው። አላህ ትዳርሽን የበረካ ያድርገው አሉ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ አሉ። በመጨረሻ ቀና ብለው ወደ ካሜራው አዩ።

«ይቺንም ልጅ» አሉ፣ «አላህ የያዘችውን አይንሳት።»

ዳሱ ሁሉ አሚን አለ። ፈዲላ ይህን ያኔ አልሰማችውም ነበር።

ሂዳያ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። ቀዩ ክር አሁንም አለበት። ፈዲላ ተቀብላ፣ እጇ እንደለመደው፣ ማጠቢያዋ ላይ ሰካችው። ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ከሥሩ የዚያ የርዕስ መጻፊያ ፕሮግራም ስም አለ። ሂዳያ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ከዚህ ነበር የመጣው?»

«አንቲቫይረሱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ፈዲ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባባን ቀብረሽ መምጣትሽ ነበርኮ» አለች ፈዲላ። «በዚያ ላይ ይሄን ልጨምርብሽ?»

 ፍላሹ ጸድቶ ምርቃቱ እስኪገለበጥ ድረስ ሂዳያ የፈዲላን እጅ ይዛ ተቀመጠች።