ብረት ያልነበራቸው ኮከቦች

ዕድሜዬን ይቁረጠው፣ አንድም ቃል አልዋሸሁም። ጭሮ ውስጥ ለአንድ የቀጥቃጭ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሽምግልና ሄድን። የልጅቷ አባት ሚኤሶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ወላሂ፣ የቀጥቃጭ ደም ከደሜ አይቀላቀልም!» አለ። ሁላችንም አቀረቀርን።

አብሮን የመጣው የፊዚክስ መምህር ግን ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አባባ፣ ደምዎን ያቀላው ብረት ነው። በጥንታውያኑ ኮከቦች ውስጥ ብረት የለም ማለት ይቻላል፤ ገና አልተሠራም ነበር። ኋላ ትልልቅ ኮከቦች በሆዳቸው እሳት ሠሩት፤ ሲፈነዱም ተበትኖ እርስዎ ጋ ደረሰ። ታዲያ እርስዎስ የቀጥቃጭ ልጅ አይደሉም?»

አባትየው የእጁን ደም ሥር ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ፣ «ልጁን ጥሩት» አለ።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልሄድኩም። እምቢ ያለው አባት እኔ ነበርኩ።