የተርሲላ ድርሻ

ኦዲሎን ከዱር ቃጫ ተክል ያወጣውን አረቄ፣ ሜስካሉን፣ በሸምበቆ ስቦ ከላይ ወደ ቅሉ ለቀቀው። አረፋው እንደ ዶቃ ተደርድሮ የቅሉን ጠርዝ ያዘና ቆየ። ብርታቱ ልክ ነው፤ ይህን ዓይኑ ያያል። ማረሩን ግን ዓይን አያይም።

ትናንት ከሸክላው ጋን ሥር እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ሲነቃ ነበልባሉ የጋኑን ወገብ ይልሳል። የተወቀጠው ቃጫ ከታች ይዞ ከሆነ ሜስካሉ ያረረ ድስት ይሸታል። ድሮ ቢሆን አንዴ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ይለየው ነበር። ሐምሌ ላይ ከጣለው ትኩሳት ሲነሳ ግን ሽታም ጣዕምም አብረውት አልተነሡም። ለማንም አልተናገረም።

የሙታን በዓል ነገ ነው። ሙታን ሲመጡ ከምግቡም ከመጠጡም የሚወስዱት ሽታውን ብቻ ነው፤ ሚስቱ ተርሲላ ደግሞ በሕይወት ሳለች ያረረ ነገር ደጇን አታስረግጥም ነበር። ገደል ለገደል ዞሮ አሥራ ሁለት ቃጫ የለቀመው ለሷ ብሎ ነው።

በመንደሩ አፍንጫው የሚታመን የቀረ ሰው አበልጁ ክሬሴንሲዮ ነው። ኦዲሎን ለዘር ብሎ እንዲያብብ የተወውን ቃጫ ይኸው አበልጁ ከቆረጠበት ወዲህ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም።

ቅሉን ይዞ ሄደ።

«እንዴት አደርክ፣ አበልጄ።»

«ስድስት ዓመት አድሬ ዛሬ ትጠይቀኛለህ?»

«ቅመስልኝ።»

«አንተ? በሰው ምላስ የምታምነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አፍንጫዬ ሞቷል።»

ክሬሴንሲዮ ለቀልድ የከፈተውን አፉን ገጠመ። ከቅሉ ጥቂት ለመሬት አፈሰሰ፤ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አሻሸና አሸተተ።

«ተርሲላ ትወደዋለች» አለ።

«አላረረም?»

«ትወደዋለች አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

ኦዲሎን ፊቱን አየው። አዝኖለት ይሁን እውነቱን ነግሮት አልለየም። ቤቱ ተመልሶ ቅሉን ከቢጫዎቹ አበቦች መሃል፣ ከፎቶግራፏ ፊት አስቀመጠው።

በበዓሉ ማግስት መንደሩ ከሙታን የተረፈውን ይቀምሳል፤ ጣዕሙ ከጠፋ መጥተው ነበር ማለት ነው። ኦዲሎን ቅሉን አንስቶ ተጎነጨ። ምንም አይልም። ከሐምሌ ወዲህ ግን ምንም ነገር ምንም ብሎት አያውቅም።

ክሬሴንሲዮን ሊያስቀምስ እስከ አጥሩ ሄደ። ከውስጥ የክሬሴንሲዮ የልጅ ልጆች የራሳቸውን ቤት ተራፊ እየቀመሱ «ጠፍቷል! ጣዕሙ ጠፍቷል!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። አበልጁም «ጠፍቷል» ቢለው፣ እውነት ይሁን ሐዘኔታ በምን ይለያል? ቅሉን እንደያዘ ተመለሰ።