ፀሐይ የሚጠበቅባት ደሴት

በፈረንጆቹ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከጅቡቲ የተነሣሁት ማሪትን ለማየት ነው። ማሪት ጋቦዴ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት የኖርዌይ ልጅ ናት። ስድስት ዓመቷ ላይ ወላጆቿ ወደ አገራቸው ይዘዋት ሄዱ። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ እናቷ ሊቭ ትኬት ልካልኝ «ነይና እዪን» አለችኝ። ወልጄ አላውቅም፤ የማውቃት ልጅ እሷ ብቻ ናት። ረስታኝ ቢሆንስ እያልኩ እሰጋ ነበር።

በምኖርበት ሰፈር በካርቲየ 2 ጎረቤቴ የሆነችው ፋጡማ የድሬዳዋ ሰው ናት፤ ነገር አታለባብስም። ማዕከላዊ ገበያ ሰልባጅ ካፖርት ስናማርጥ «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፤ አውቀሽ ሂጂ ብዬ ነው» አለችኝ። ሻጩ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ካፖርት የሚጠይቅ ሰው በማግኘቱ በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

በባሕር ላይ

በአዲስ አበባና በኦስሎ አልፌ፣ ቡዶ ከምትባል የወደብ ከተማ መርከብ ተሳፈርኩ። ባሕር ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። ተራሮቹ ቀጥ ብለው ከውኃው ይወጣሉ፤ ቤቶቹ በተረፈችው ጠባብ መሬት ላይ ተደርድረዋል። ወረዳው ቮጋን ይባላል፤ ደሴቶቹን ድልድይ ያገናኛቸዋል።

ሊቭ ከአባቷ ጋር ወደብ ላይ ተቀበለችኝ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ እሳቸው ያወጋሉ፣ ሊቭ በፈረንሳይኛ ትተረጉምልኛለች። ከሩቅ የሚመጣ ሞቃት ውኃ ስላለ ወደቡ በበረዶ አይዘጋም። በብርዱ ወራት ዓሣው እንቁላሉን ለመጣል ከሰሜን ይመጣል፤ ያለ ጨው በእንጨት ቆጥ ላይ ሰቅለው በነፋስ ያደርቁታል።

«የዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የጊዜው ንጉሣችን እየቀዘፉ ለሚመጡ አጥማጆች እዚህ ማደሪያ አሠራላቸው» አሉኝ። «እንግዳ መቀበል የጀመርነው ያኔ ነው። እንኳን ደህና መጣሽ!»

ማሪት ደጃፍ ላይ ጨበጠችኝ። በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ሰላም ስላት ግራ ገብቷት እናቷን አየች።

«ቋንቋው ጠፍቶባታል፤ ይቅርታ» አለችኝ ሊቭ።

«ምን ይደረግ፣ ልጅ አይደለች» አልኩ። ሻንጣዬን አንሥቼ ገባሁ።

የፀሐይ ቀን

እዚያ አገር በብርዱ ወራት ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም። የምትመለስበትን ቀን ቤተሰቡ መስኮት ሥር ተሰብስቦ፣ ኬክ ቆርሶ ይቀበላታል። ያን ቀን ቀትር ላይ ሁሉም ዓይናቸውን ተራራው ላይ ተክለዋል። ኬኩን ይዤ ከማዕድ ቤት ስወጣ ብርሃኑ ምንጣፉ ላይ አረፈ። ኬኩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሮጥኩና መጋረጃውን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት!

ጅቡቲ ውስጥ የቀትር ፀሐይ ቤት ስትገባ ዝም ብላ የምታይ ሠራተኛ የለችም፤ እጄ ከእኔ ቀደመ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማሪት ግን ሳቀች። ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝና ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለች።

«ተኚ የኔ እመቤት፣ ፀሐይዋ እስክትሄድ» አለች፤ በአማርኛ።

ጋቦዴ ሳለን በየቀትሩ መስኮት ዘግቼ ሳስተኛት የምላት ነው። እናቷ እንኳ አታውቀውም። አለቀስኩ። መጋረጃውን የከፈቱት ሽማግሌው ናቸው፤ ኬኩንም መጀመሪያ ለእኔ ቆረሱልኝ።

ጅቡቲ

በሰው ቤት የደከምኩት ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ለካስ አንዲት ልጅ በምድር ጫፍ ይዛልኝ ኖራለች። ተመስገን።

ፋጡማ አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀችኝ። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «አወቀችሽ?» አለች።

«አወቀችኝ።»

ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበለች። «በይ ነይ፣ የማሪት እናት» አለችኝ።