የአውራ ጣቱ ባለቤት

እኔ የአሻራ ሰው ነበርኩ። በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ተቀምጬ ሌባ የነካውን ሁሉ በዱቄትና በብሩሽ ስዳብስ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ባልደረቦቼ «ዱቄት ነጋዴው» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይሹፉ፤ ሥራዬን እወደው ነበር። ከሁሉም የምወደው ግን ሌባውን ያልያዝኩበትን አንድ ጉዳይ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከመካነ ሰላም በበቅሎ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ወደምትገኝ ደብር ተላክሁ። የቤተ ክርስቲያኑ የብር መስቀል ከዕቃ ቤት ተሰርቋል። ቁልፉን የሚይዙት ገበዝ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቄስ፣ ታስረዋል። በሩ ስላልተሰበረ «ለሌባው የከፈቱለት እሳቸው ናቸው» ተባለ። ሌባው ጥሎት የሄደው አንድ ፋኖስ ብቻ ነበር። የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ የሆነው መቶ አለቃ ፋኖሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ።

ዱቄቱን ሳርከፈክፍበት መስተዋቱ ላይ አንድ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። የገበዙን ጣት ወስጄ በአጉሊ መነጽር አስተያየሁት፤ የሳቸው አይደለም። «እንግዲያ ይፈቱ» ስለው መቶ አለቃው ራሱን ነቀነቀ።

«እሳቸው ከፈቱ፣ ሌላው መብራት ይዞ ገባ። የጣቱ ባለቤት እስኪገኝ አይፈቱም።»

ይህንኑ በማግስቱ አውጫጭኝ ላይ ደገመው። አውጫጭኝ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ የአገሩ ሰው ሁሉ መስክ ላይ የሚቀመጥበት ሸንጎ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረውን ማን ይመልሰዋል?

ሽማግሌው የታሰሩበትን ክፍል አይቻለሁ። እርጥብ መሬት ላይ አጎዛ አንጥፈው ቀንም ሌትም ያስላቸዋል። እዚያ ውስጥ ሆነው ለመስቀል በዓል የሚደርሱ አልመሰለኝም። አንጀቴን በሉት።

ቀለሙን አዘጋጅቼ «ኑ፣ አውራ ጣታችሁን» አልኩ። ማን ሊነቃነቅ! በዚያ አገር ወረቀት ላይ ጣት ማሳረፍ መፈረም ነው። የኔ ወረቀት ደግሞ ባዶ ነው። ነገ ከላዩ «ልጄን በፈቃዴ ለዘመቻ ሰጠሁ» ተብሎ ቢጻፍበትስ? ሁለት ቀን ሙሉ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ሳይንስ አስተማርኩ። እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። እኔም በሆዴ «ግትሮች» ብዬ ሰደብኳቸው፤ እውነቱ ግን ከነሱ ጋር ነበር።

በሦስተኛው ቀን የገበዙ ባለቤት ተነሡ።

«አብሽር ልጄ፣ እኛ ጣት አልነፈግንህም» አሉኝ። «ግን አስፈራሚው ይቅደም። አንተም፣ አዛዡም፣ ፖሊሶቹም በዚሁ በባዶው ላይ ጣታችሁን አኑሩ። ከዚያ እኛ እንከተላለን።»

መቶ አለቃው ሳቀ። ሳይግደረደር እጅጌውን ሰብስቦ አውራ ጣቱን ቀለም አስነካና ወረቀቱ ላይ ተጫነው። እኛም ተከተልን። ሰዉም አንድ ሁለት እያለ መሰለፍ ጀመረ።

ለምሳ ስንበተን የፖሊሶቹን ወረቀት ለደንቡ ያህል ጣቢያ ወስጄ አየሁት። የመጀመሪያው ላይ ላብ አጠመቀኝ። መነጽሩን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። የፋኖሱ ጣት የመቶ አለቃው ነው።

ጥፋቴን ልናገር። ዕቃውን የነኩ ሰዎችን አሻራ አስቀድሞ መውሰድ የሙያችን ሀሁ ነው። መቶ አለቃው «በጨርቅ ጠቅልለን ነው ያመጣነው» ሲለኝ ማዕረጉን ፈርቼ አለፍኩት። አሁንም ፈራሁ። በዚያ ዘመን አዛዥን «ተሳስተሃል» ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። «ባለቤቱ አልታወቀም» ብሎ ጽፎ ደሴ መግባት ይቻል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም። ከጓሮ ግን የሽማግሌው ሳል ይሰማኛል። ተነሣሁ።

ፋኖሱንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት።

«ሌባ ነህ ልትለኝ ነው?» አለ ፊቱ ተለዋውጦ።

«አይደለም፣ ጓድ መቶ አለቃ። ከዕቃ ቤት ሲያወጡት መስተዋቱን ይዘውታል።»

አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎንብሶ ቆየ። 

«ጨርቁ የመጣው ኋላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ረስቼዋለሁ።»

ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሣና ራሱ ሄዶ ከፈተ። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ደግፎ፣ እየቆመ እያሳረፈ፣ እስከ መስኩ አደረሳቸው። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ባለቤታቸው ወደ ባላቸው ሊሮጡ ብለው መሀል ላይ ቆሙ፤ ለካ ገና አላመኑም።

«የጣቱ ባለቤት ተገኘ?» አሉ።

መቶ አለቃው ኮፍያውን አወለቀ።

«ተገኘ፣ እናቴ» አለ፣ የኋለኛው ረድፍ እንኳ በሚሰማው ድምፅ። «እኔ ነኝ።»