በአማርኛ የተጻፈው ተራ

ካርቱም ውስጥ በአንድ የዓይን ሐኪም ቤት በረንዳ ላይ የአንዲት ሻይ ሻጭ ተራ ተወስዷል። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ማንም አልከሰሰኝም። ቢሆንም በደል በደል ነውና ተጽፎ ይቀመጥ።

ቀኝ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖት ነበር። ሐኪሙ «ቀላል ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም» አለኝ። ሩብ ሰዓት ለማይፈጅ ነገር ከምኖርበት ከጀብራ ሰፈር አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዱን ቀን መብራት ጠፋ። አንዱን ቀን ሐኪሙ ሌላ ቦታ ተጠራ። ሁለቱን ቀን ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚተከለው ሌንስ አልመጣም ተባለ። ክፋቱ፣ ይህን የሚነግሩን የዓይን ብሌን የሚከፍተውን ጠብታ ካደረጉልን በኋላ ነው። ነርሷ ነገ ኑ ለማለት «ቡክራ ኢንሻአላህ» ትልና ታሰናብተናለች፤ እኛም በዚያ ፀሐይ የለበስነውን ቶብ ፊታችን ላይ ጥለን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን እየተደናበርን እስከ አውቶቡሱ እንሄዳለን።

ክንዴን የምትይዘኝ ሁልጊዜ ያቺ ሻይ ሻጭ ነበረች። እንደኔው ለሞራ የምትመላለስ የኦምዱርማን ሰው ናት፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ብርጭቆው መሙላቱን ስለማታይ ጣቷን ከጠርዙ ውስጥ አግብታ ነው የምትቀዳው፤ የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ ነበር። «ደንበኞቼ ሻይሽ ጣት ጣት ይላል ይሉኛል» እያለች ታስቀን ነበር።

ሐኪም ቤቱ ቁጥር አይሰጥም። በሽተኛው ራሱ ማለዳ ወረቀት ላይ ይመዘገባል፤ ነርሷም በወረቀቱ ታስጠራለች። በመጀመሪያው ቀን ዘበኛው ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ሰውዬ በጎን ሲያስገባ አይቼ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። ብዙ ዘመን ካፉሪ፣ የሀብታሞች ሰፈር፣ ሰው ቤት ስሠራ ዋጥ ያደረግሁትን ንግግር ሁሉ ያን ቀን ዘበኛው ላይ አወረድኩ። ሰውዬው ተመለሰ። ሕዝቡም በአክብሮት «ያላ ሃጃ፣ ወረቀቱን አንቺ ያዢው» አለኝ።

«እኔ የማውቀው የሐበሻ ጽሕፈት ብቻ ነው» አልኩ። ወሎ ሳለሁ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ነው።

«እንዲያውም ይሻላል» አለ አንድ ሽማግሌ፤ «ዘበኛው ሊደልዘው አይችልም።»

ስም አልጻፍኩም፤ የመጡበትን ሰፈር ነው የጻፍኩት። አራተኛ፣ የኦምዱርማኗ። አምስተኛ፣ የጀብራዋ። ያቺ እኔ ነኝ። ማንም ስላልታከመ በየምልልሱ የሚነበበው ያው ወረቀት ነበር።

በአምስተኛው ምልልስ፣ ጠብታ ሳይደረግልን፣ ነርሷ ወጥታ «የመጣው ሌንስ ለአራት ሰው ነው፤ የቀራችሁ ከዒድ በኋላ» አለች። «ሃጃ፣ አንብቢ።»

በደህናው ዓይኔ ሦስቱን በትክክል አነበብኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ «የጀብራዋ» አልኩ። አልተሳሳትኩም፤ ሌላ ወር መጠበቅ ስላስመረረኝ አውቄ ነው ያልኩት።

ሻይ ሻጯ ቀና አለች። «ሃጃ፣ እኔ ካንቺ በፊት የመጣሁ መስሎኝ ነበር።»

«የተጻፈው ይኼ ነው» አልኳት። ወረቀቱንም ዘርግቼ አሳየኋት። ፊደሉን እንደማታውቀው እያወቅሁ ነው ያሳየኋት። ተራዋን ከመውሰዴ ይልቅ ይኼ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ።

«ከተጻፈማ ኻላስ፣ አለቀ» ብላ ተቀመጠች።

እውነትም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳልኝ፣ ፋርማሲ የምትሠራው የልጅ ልጄ አጠገቤ ነበረች። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛ እየቆራረጠች ትናገራለች እንጂ ፊደል አትለይም።

«ሐቦባ፣ እያየሽ አይደል? ምነው ታኮርፊያለሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። «አንቺ? ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከወታደር ጋር የምትጣዪው?» ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። «ዐይብ፣ ሐቦባ። ዐይብ።» ልጅ ሳለች ስንቱን ነገር ነውር ነው ብዬ በዚህ ቃል ነበር የምከለክላት።

ዒድ መጣ። በዒድ ሰው ሲገናኝ አውፍ፣ ይቅር በለኝ፣ ይባባላል። ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ አውፍ በይኝ አለኝ፤ እኔም ለሁሉም አልኩ። እኔ አውፍ በይኝ ማለት ያለብኝ ሰው ግን ኦምዱርማን ነው ያለው፤ ቤቷን አላውቀውም።

ከዒድ በኋላ፣ ቀጠሮ ሳይኖረኝ፣ ወረቀቱን ይዤ ከልጅ ልጄ ጋር ወደ በረንዳው ሄድኩ። ወረፋው ውስጥ የተለመደ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። የእጇ አንጓ ላይ አዲስ የቃጠሎ ቁስል አየሁ፤ ያየሁት በዚያው በወሰድኩት ዓይን ነው። ሁሉም እንዲሰማ በዓረብኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፤ «ያን ቀን አራተኛዋ እሷ ነበረች። እኔ በውሸት ነው ያነበብኩት።» ከዚያ ፊቷ ቁጢጥ ብዬ «አውፍ በይኝ» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «በመጀመሪያው ቀን ስትመጪ እኔ ተቀምጬ ነበር። ጠጋ በይልኝ ብለሽኝ ነው የተቀመጥሽው። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ውሸታም ብልሽ ወረቀቱን ይቀሙሻል። ከዚያ ዘበኛው እንደ ልቡ ነው። አንቺ አንድ ቀን ሰረቅሽኝ፤ እሱ በየቀኑ ነው የሚሰርቀን።»

ፊቷን፣ ፋርማሲ እንደምትሠራ ወደነገርኳት ወደ ልጅ ልጄ አዞረች።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ወረቀቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ትያዘው፤ በዓረብኛ ትጻፈው።»